የአራሷ ክፍል ኮርኒስ

ሰፈሩ «አንጋጣጩ» ይለዋል። ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ወደ ኮርኒሱ ስለሚሄድ ነው። የጂፕሰም ሠራተኛ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ቤቱን ያሳደሰ ሁሉ እሱን ይፈልግ ነበር፤ ሦስት ደረጃ ያለው፣ መሀሉ ላይ ትልቅ ጽጌረዳ የተቀረጸበት፣ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት የሚዞረው ኮርኒስ እንደሱ የሚያወጣው አልነበረም። አሁን ያ ሁሉ አልፎበታል። ሰው የሚፈልገው ልሙጥ ነጭ ነው። «የሠርግ ኬክ መሰለብኝ፣ አውርድልኝ» ይሉታል፤ በገዛ እጁ የሰቀለውን በገዛ እጁ ያወርዳል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአንዲት ጡረተኛ አስተማሪን ሳሎን ሊያፈርስ መሰላል ላይ ወጣ። በመዶሻው አንዴ ነካ ሲያደርገው ጽጌረዳው እንዳለ ተገንጥሎ ወረደ፤ ትከሻውን ጨርፎት ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። አስተማሪዋ «ምንድነው እሱ?» እያሉ ከማእድ ቤት ሲሮጡ መሰላሉን ታቅፎ ደርቆ ቀርቷል። ዓይኑ ከላይ የቀረው ሽቦ ላይ ነበር። ዝጎ ዝጎ እንደ ደረቀ ሣር ተበጥሷል።

ሽቦውን ያውቀዋል። ያኔ ሥራ በተጋጋመበት ዓመት ወፍራሙ ሽቦ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ደንበኛው ይጣደፋል፤ እሱም «ደግሞ ማን ሊያየው» ብሎ በቀጭኑ ሰቀለ። ስንት ቤት? ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። አሥራ አራት። የመጨረሻው የታላቅ እህቱ ቤት ነበር።

ከመሰላሉ ዘሎ ወረደ። እዚያ ቤት፣ እዚያ ኮርኒስ ሥር፣ የእህቱ ልጅ አራስ ሆና ተኝታለች፤ ከወለደች ገና ዘጠኝ ቀኗ ነው።

እንዴት እንደደረሰ አያስታውስም። በሩን የከፈተችለት እህቱ ናት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች እስከ ዛሬ «እትዬ» ይላታል።

«ምነው፣ ዱቄት ውስጥ የወደቀ አይጥ መሰልክሳ!» ብላ ሳቀችበት።

አልፏት ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። አራሷ በጎኗ ተኝታለች፤ ሕፃኑ ከአጠገቧ፣ ልክ ከጽጌረዳው ሥር። ቀና ሲል ከግድግዳው ጥግ ተነሥታ ወደ አበባው የምትሄድ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየ። ጮክ ብሎ መናገር ፈራ፤ ድምፁ ራሱ የሚያወርደው መሰለው።

«እትዬ» አለ በሹክሹክታ፣ «ይሄን ኮርኒስ ላፍርሰው። ፋሽኑ አልፎበታል።»

«አንተ ደግሞ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ወንድሜ ነው የሠራው› እያልኩ የማሳየውን? ስሞት ታፈርሰዋለህ።»

«በናትሽ፣ እትዬ…»

«አልኩህ እኮ! አራስ ላይ አቧራ ልታስነሣ ነው?»

ሌላ ሰበብ ፈለገ፤ አጣ።

«ሽቦው ቀጭን ነው። እያወቅኩ ነው በቀጭን የሰቀልኩት። አሁን ሰው ቤት ወድቆ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ይሄም ያው ነው።»

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። በእግሯ ጣት ተራምዳ ሕፃኑን ከነመጠቅለያው አነሣች፤ በሌላ እጇ ልጇን ጎተተቻት።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ዝም ብለሽ ውጪ!»

በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እሱ ዞረች። «ስምንት ዓመት እዚህ ሥር ስተኛ፣ አንተን እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?»

«ረስቼው ነበር» አላት። እውነቱን ነው። ከሁሉ የባሰው መልስ ይሄ መሆኑ የታወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ኮርኒሱን በእንጨት ደግፎ፣ ጠርዙን በቢላ ከፍቶ፣ በስልኩ መብራት አየ። ከአሥራ ሁለቱ ሽቦዎች አምስቱ ተበጥሰዋል። ቁራጭ በቁራጭ ማውረድ ጀመረ። አንዴ ስድስተኛው «ጧ!» ሲል ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ እንጨቱ ያዘለት። እህቱ «ሂጂ» ቢላት አልሄደችም፤ መሰላሉን እንደያዘች አብራው ዋለች።

የመጨረሻው ቁራጭ መሬት ሲነካ «ሌሎቹስ ቤቶች?» አለችው።

«ይከሱኛል፣ እትዬ።»

«ይክሰሱሃ! ሰው ከሚሞት ተከሰስ። ደውል!»

ስልኩን ከእጁ ቀምታ ቁጥሩን የመታችለት እሷ ናት። ከቀሩት አሥራ ሁለት ቤቶች ሰባቱ ኮርኒሱን ድሮ አፍርሰውታል፤ አንደኛዋ ሴትዮ እንዲያውም «እንዳይከፋህ ብለን ነው ያልነገርንህ» ብላ ይቅርታ ጠየቀችው። አራቱን በዚያው ሳምንት አወረደ፤ ከአንዱ ቤት ስድብ ጠግቦ ወጣ። የአሥራ ሁለተኛው ስልክ ግን አይሠራም።

ያንን ቤት ለማግኘት ሁለት ቀን በእግሩ ዞረ። በሩን የከፈተው ተከራይ «ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም» ቢለው፣ «እሺ፣ ብቻ ሳሎን አትቀመጡ» ብሎ ለመነው። ሰውየው የፊቱን መገርጣት አይቶ ነው መሰለኝ፣ የዚያኑ ቀን ሶፋውን አወጣ። ፈቃዱ የተገኘው በአራተኛው ቀን ነው። በነዚያ አራት ቀናት አንጋጣጩ እህል በአፉ አልዞረም፤ ስልክ በጠራ ቁጥር ሞት የሚነግሩት ይመስለው ነበር። ሲያወርደው ይዘው የነበሩት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው።

እህቱ አንድ ወር ሙሉ አኮረፈችው። ከዚያ በኋላ ልሙጥ ኮርኒስ እንዲሠራላት ጠራችው፤ ሥራውን እስኪጨርስ ከመሰላሉ ሥር ቆማ እያንዳንዱን ሽቦ በእጇ እየሳበች ሞከረች። እሱም እሷ የሞከረችውን ብቻ እየተቀበለ ሰቀለ።