ወንበሩ የሚያውቀው ቁልፍ

ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ መኪናዋን የምነዳው በእሷ ቁልፍ ነው። የእኔን የት እንደጣልኩት አላውቅም። መኪናዋ ኤሌክትሪክ ናት፤ ወደ አዲስ አበባ ሊሻገሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከወረዱት መካከል ተነጥላ እዚሁ የቀረች። የባለቤቴን ቁልፍ በኪሴ ይዤ በሩን ስከፍት የሹፌሩ ወንበር በራሱ ይነቃል። ወደ ፊት ይሳባል፣ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ሲደርስ ይቆማል። አጭር ነበረች። እኔ ረጅም ነኝ። ስለዚህ በየጠዋቱ ወደ ኋላ ገፍቻት እቀመጣለሁ።

በመናፍስት አላምንም፤ በሚያምኑትም ላይ ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬያለሁ። ሆኖም አንድ መካኒክ ወንበሩን በእኔ ቁመት ላስተካክልልህ ሲለኝ አልፈልግም አልኩት። ምክንያቱን አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ የምዋሸው ተዘጋጅቶ ነበር።

ለሳምንታት ከመሪው ጀርባ ያለው ስክሪን በቻይንኛ አንድ ቢጫ ጽሑፍ ሲያሳየኝ ሰነበተ። የማላነበው ማስጠንቀቂያ አያስፈራኝም። ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ቀትር ላይ፣ ቡላኦስ ገበያ ዳር ቁልፉ ዝም አለ፤ በሩ አልከፈት አለኝ።

አብራኝ የነበረችው ጎረቤቶቼ ቤት ተቀጥራ የምትኖር የወሎ ልጅ ናት። ባለቤቴ በየሐሙሱ ገበያ ታመላልሳት ነበር፤ ልማዱ ከመኪናው ጋር ለእኔ ተላለፈ። በእጇ በፌስታል ዓሣ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ዓሣው።»

«አየሁት።»

«ማየቱንማ እኔም አያለሁ።» ቁልፉን ተቀብላ ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው። «ድንጋዩ አልቆ ነው። ፀሐይ ላይ ያስጡት። አባቴ ሬዲዮኑ ሲደክም እንዲያ ነበር የሚያደርገው።»

የእኔም አባት እንዲያ ነበር የሚያደርገው። የባትሪ ድንጋዮቹን ቆርቆሮ ላይ ደርድሮ ዶሮ እንዳይጭርበት ይጠብቃል፤ ማታ ሬዲዮኑ እያጓራም ቢሆን ዜና ያወራል። ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ተባብሮ ይህንን እምነት አልነቀለልኝም። ቁልፉን በሳንቲም ፈልቅቄ የሳንቲም ያህል ዝርግ የሆነችውን ባትሪ አወጣሁና ኮፈኑ ላይ አሰጣኋት። ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆመን ጠበቅን።

እዚያ ቆሜ ነው ቤት ያለው የጠረጴዛ ሰዓቴ ትዝ ያለኝ። ባትሪው በወጣ ቁጥር ሁሉን ረስቶ ከዜሮ ይጀምራል። ቁልፉም እንዲያ ከሆነ ወንበሩ ከእንግዲህ ማንንም አያውቅም። በገዛ እጄ አውጥቻታለሁ ማለት ነው።

«ምነው ላብ አጠመቀዎት?»

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱማ ትናንትም ነበር።»

ባትሪዋ ጣት እስክታቃጥል ግላ ተመለሰች፤ ቁልፉ ግን አልነቃም። ማዕዘኑ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚሠራ ሶማሌ ሰዓት ሠሪ ሁሉንም ሲያይ ቆይቷል። ድሬዳዋ ያደገ ነው። የዕለቱ ጫት ገበያ ስለገባ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።

«አቦ፣ እናንተ ሐበሾች የማታሰጡት የለም» አለኝ። «በርበሬ፣ ሥጋ፣ አሁን ደግሞ ባትሪ። በዚህ ፀሐይ የሞተ ቢነሳ ጅቡቲ ውስጥ መቃብር ይኖር ነበር?»

አልሳቅኩም። ቁልፉን ተቀብሎኝ ከጎኑ ቀጭን የብረት ቁልፍ መዘዘና በሩን ከፈተው። ወንበሩ አልተንቀሳቀሰም። ጠዋት ገፍቼ የተውኩት ቦታ ላይ፣ ለእኔ እግር በሚመች ርቀት፣ ባዶውን ቆሟል። እንዲህ የሚመች ወንበር አስጠልቶኝ አያውቅም።

«ያለ ባትሪም ትሄዳለህ» አለኝ። «ቁልፉን ኩባያ ማስቀመጫው አጠገብ አስጠጋው፣ ትነሳለች። ወይም አዲስ ባትሪ ላስገባልህ። ጫቱ እየደረቀ ነው፣ ወስን።»

በክርክር ሁሉ ማስረጃ አምጡ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ማስረጃው ሰውየው መዳፍ ላይ፣ ከነማሸጊያው ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ሳላውቅ መኖርን ተመኘሁ። በብረቱ እየከፈትኩ፣ ቁልፉን እያስጠጋሁ ስንት ዓመት መኖር እንደምችል አሰላሁ። ብዙ ዓመት።

«ያስገቡት፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «አለዚያ ሁልጊዜ ሲጠራጠሩ ይኖራሉ።»

ስለምን እንደምታወራ አልጠየቅኳትም። በየሐሙሱ ወንበሩን ስገፋ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞር እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ሰውየው ባትሪውን አስገብቶ ቁልፉን ገጠመ። በሩን ዘጋሁት። ቆለፍኩ። ከፈትኩ።

ከዚያ ያ ቀጭን የወንበሩ ሞተር ድምፅ መጣ። ወንበሩ ወደ ፊት ተሳበ፣ ትንሽ ከፍ አለ፣ ቆመ። ሰዓት ሠሪው ሒሳቡን ተቀብሎ ጃንጥላውን አጠፈ፤ ለእሱ ነገሩ ባትሪ መቀየር ብቻ ነበር።

እጄ እንደልማዱ ወደ ወንበሩ ማስተካከያ ሄደ።

«ጋሼ» አለች ከወዲያኛው በር፣ ዓሣዋን ታቅፋ። «ለዛሬ አይግፏቸው።»

ጉልበቶቼን መሪው ሥር አጣጥፌ፣ ጭንቅላቴ ጣሪያውን እየነካ፣ እስከ ቤት ድረስ በባለቤቴ ቦታ ነዳሁ።