«እንኳን አደረሰሽ»ን ሳርም ያመለጠኝ ምርቃት

«አባባ፣ እንኳን አደረሰሽ!»

ዛሬ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በራፌ ላይ ቆማ እንዲህ ያለችኝ ካምቦዲያዊቷ ጎረቤቴ ቻንታ ናት። አዲስ ዓመታቸው ስለሆነ አበባ የተነሰነሰበት ውኃ በሳህን ይዛለች።

«‹አደረሰዎ› ነው የሚባለው» አልኋት።

«አደረሰህ?»

«አደረሰዎ!» (ሰዋስው ከማስተማር ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ምላሴ ግን ገና ሥራ ላይ ነው።)

«ሶሪ፣ አባባ» ብላ ውኃዋን እንደያዘች ተመለሰች።

ሰላምታውን ያስጠናቻት ልጄ ስትነግረኝ ክው አልሁ፦ «አባዬ፣ በበዓላቸው የወላጆቻቸውን እጅ አጥበው ይመረቃሉ። የእሷ አባት ዘንድሮ ሞቱ። እርስዎ እንዲመርቋት እኮ ነበር የመጣችው!»

ወዲያው ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ሥራ ሄዳለች።

ለአንድ ግስ እርባታ ብዬ፣ አባት ፍለጋ የመጣችን ልጅ ሳልመርቅ መለስሁ። እናንተስ፣ በእርማት ያስቀየማችሁት ሰው አለ? በምን ካሳችሁት?