በስቅለት ዕለት የታገልኩት ትግል

ለንደን ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሥራ መሸነፍ ነበር። ቀን ቀን ካምደን ውስጥ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ የነብር ቆዳ የሚመስል ልብስ ለብሼ፣ ጸጉሬን አንጨብርሬ የትግል ትርዒት ሪንግ ውስጥ እገባና በአንዲት ነጭ ሴት እሸነፋለሁ። ትርዒቱን የሚያዘጋጀው አለቃችን ለሕዝቡ ሲያስተዋውቀኝ ከጫካ የተያዝኩ፣ ቋንቋ የማላውቅ አውሬ ነኝ። እንግሊዝኛ መናገር በጥብቅ ተከልክያለሁ። ስለዚህ ሕዝቡ ሲሰድበኝ እኔም የባቡር ጣቢያዎችን ስም እየጠራሁ እጮኽበት ነበር፦ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ አዋሽ። እርግማን ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ለትምህርት ቤቴ አሎሎ ስወረውር ያደግሁ መሆኔን ማን ይንገራቸው? ንዴቱ የእውነቴን ስለነበር አውሬ መሆን ብዙ አላስቸገረኝም።

የምታሸንፈኝ ሴት በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ ክላፋም የሚባለው የለንደን ሰፈር ልጅ ናት። የተገናኘነውም እዚያው ክላፋም፣ የስፖርት አዳራሽ ሳጸዳ ነው። የልምምዱን ወፍራም ፍራሽ ብቻዬን አንሥቼ ግድግዳ ሳስደግፍ አየችኝና መጣች፤ መጥረጊያዬን ከእጄ ተቀብላ መውደቅ እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንግሊዝ አገር ከገባሁ ጀምሮ የመኖሪያ ወረቀቴን እንጂ እኔን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ደስ አለኝ። ስድስት ወር ያህል መውደቅ ብቻ አስተማረችኝ፤ አገጬን ደረቴ ላይ እንድለጥፍ፣ ወለሉን ከመንካቴ በፊት ትንፋሼን እንዳወጣ፣ በክንዴ ወለሉን እንድመታ። በዚህ ሥራ ተጋጣሚሽ ጠላትሽ አይደለችም፣ ገላሽን በአደራ የሰጠሻት ሰው ናት ትለኝ ነበር።

ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። ጥፊው ድምፅ እንጂ ጥፊ አይደለም። ይህ ግን የሙያው ምስጢር ነውና ለባልም ለእናትም አይነገርም፤ ያወራ ሰው ከሥራው ይባረራል፣ በባልደረቦቹም ይናቃል። እኔ ደግሞ አፍን መዝጋት ከተለመደበት ዘመንና አገር የመጣሁ ነኝ። የሆዴን በሆዴ ይዤ መኖር አላቃተኝም።

የእኔና የእሷ ግጥሚያ የሚታወቀው በአንድ ነገር ነበር። ወገቧን አቅፌ፣ እሷም ዘላ እያገዘችኝ፣ ዘቅዝቄ አነሣታለሁ፤ ጭንቅላቷን በጭኖቼ መካከል አድርጌ በቂጤ ቁጭ እላለሁ። ለሚያይ ሰው ጭንቅላቷን እንደ ካስማ ወለሉ ላይ የተከልኩት ይመስላል። እውነቱ ግን ጭንቅላቷ ወለሉን አይነካም፤ ጭኖቼ ጠበቅ አድርገው ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይይዙታል። ከማንሣቴ በፊት የእጄን አንጓ ጨበጥ ታደርገኛለች፦ ዝግጁ ነሽ ወይ ማለቷ ነው። መልሼ ከጨበጥኳት እናደርገዋለን። ካልጨበጥኳት ወደ ሌላ ነገር እንሄዳለን፣ ከሕዝቡ ማንም አያውቅም። ከዚያ እሷ እንደሞተች ትተኛና፣ ሕዝቡ ሊያለቅስ ሲል ብድግ ብላ ታሸንፈኛለች።

በአራተኛው ዓመት አንገቷን ያማት ጀመር። በጋው ሲመጣ ሪንጉን ትታ ወጣት ሴቶችን ልታስተምር ወሰነች። አለቃችን እስከዚያ ሌላ ተጋጣሚ ሊሰጣት ሲያስብ፣ እኔ ባለሁበት "ከእሷ በቀር ለማንም አንገቴን አልሰጥም" አለችው። ያን ቀን አርችዌይ እስካለው ቤቴ ድረስ ስዘፍን ሄድኩ።

ወሬ መቼም እግር አለው። ያገራችን ሰው አንዲት ሴት ካምደን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የትግል ማስታወቂያ ፎቶዬን አይታ ለንስሐ አባቴ ነገረቻቸው። ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ከእንግሊዞቹ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ጥግ አስቀምጠው፣ እርቃን ስለሚመስለው ልብሴ ብዙ መከሩኝ። ይህን አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን ያልጠበቅሁትን ነው።

"ልጄ፣ ድብድቡ የእውነት ነው ወይስ የውሸት?"

የውሸት ነው ብል የሙያውን ምስጢር ማውጣት ነው፣ ጓደኛዬንም መክዳት መሰለኝ። የእውነት ነው ብል ደግሞ ሰው ደብዳቢ ሆንኩ። ቄስ ፊት ተቀምጬ፣ "የእውነት ነው፣ አባ" አልኩ። የውሸት ነው ብዬ ቢሆን ምናልባት ስቀው ይሸኙኝ ነበር። አባ ግን ከልባቸው አዘኑ። እስከ በጋው እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉና ለምማታበት ለእያንዳንዱ ቀን አርባ አንድ ስግደት ቀኖና ሰጡኝ።

ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁት። አርችዌይ የነበረችኝ ክፍል ከአልጋዬ ሌላ ምንጣፍ የምታህል ቦታ ብቻ ነበራት፣ ታች ያለው ጎረቤቴም ዱብ ባልኩ ቁጥር ጣራውን በዱላ ይደበድባል። ይህ እንኳ ሰበብ ነው፤ ሰንፌ ነው። ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል የአሥራ አንድ ግጥሚያ ስግደት ተጠራቅሞብኝ አገኘሁት። ስቅለት መቼም የስግደት ቀን ነው፣ በአንድ ቀን እገላገለዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

የእንግሊዞቹ ፋሲካ ካለፈ ሰንብቷል። ለእነሱ ስቅለታችን ተራ ዓርብ ነበር፤ ለአለቃችን ደግሞ አመሻሽ ላይ ግጥሚያ ያለበት ዓርብ። እንዲቀይርልኝ ጠየቅሁት። ካልመጣሽ ሌላ ሴት አስገባለሁ አለኝ። ሌላ ሴት ማለት የጓደኛዬ አንገት በሌላ ሴት ጭን መካከል ማለት ነው። እመጣለሁ አልኩ።

ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመስኩም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው፣ ምንጣፍ ተነጥፎ ጠበቀን። ከኋላ ቦታ ያዝኩና ጀመርኩ፤ ጉልበቴ፣ ግንባሬ፣ ከዚያ ብድግ። ሁለት መቶ ላይ ላቤ ነጠላዬን አራሰው። ሦስት መቶ ካለፈ በኋላ እግሬን ማዘዝ አቃተኝ፣ ግን ሰውነቴ በልማድ ይወጣል ይወርዳል። አጠገቤ የነበሩ ባልቴት ጎንበስ ብለው ቀስ እንድል መከሩኝ። አልሰማኋቸውም። እውነቱን ለመናገር ኩራት ይዞኝ ነበር፤ በስፖርት የጠነከረ ገላ አለኝና ከሁሉም በላይ ስሰግድ መታየቱ ደስ ብሎኛል። አራት መቶ ሃምሳ አንዱን ጨርሼ፣ አባ ሳያሰናብቱን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሾልኬ ወጣሁ። አውቶቡስ ላይ ስወጣ ጭኖቼ እንደ አዲስ ጥጃ እግር ተንቀጠቀጡ።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ጓደኛዬ ሻይና ብስኩት አቀረበችልኝ፤ አልፈልግም አልኳት። ፊቴን አይታ አሞሽ እንደሆነ ንገሪኝ አለች። ደህና ነኝ አልኳት። ብነግራት ኖሮ ዘቅዝቄ ማንሣቱን እንተወው ነበር፣ ሌላ ምንም አይመጣም ነበር። ግን ምን ብዬ ልንገራት? አንቺን ስለመታሁ ንስሐ ስገባ ዋልኩ ልበላት? ጫፏን እንኳ አሳምሜያት አላውቅም። አፈርኩ። የአንድ ሰው አንገት በአደራ ይዤ እውነቱን የደበቅሁበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው።

ግጥሚያው እንደ ወትሮው ሄደ። ጊዜው ሲደርስ አንጓዬን ጨበጠችኝ። መልሼ ጨበጥኳት። ዝግጁ አለመሆኔን እያወቅሁ ነው የጨበጥኳት፣ በዚህ ላይ ራሴን አልሸነግልም። አነሣኋት፤ እስከዚያ ድረስ ደህና ነበርኩ። ቁጭ ልል ስል ግን ጭኖቼ ከዱኝ፣ ተከፈቱ። ጭንቅላቷ ቀድሞኝ ወለሉ ጋ ደረሰ። የሰማሁትን ድምፅ አልጽፈውም።

ሕዝቡ በደስታና በንዴት አበደ፣ ድራማው ከዚህ በፊት እንዲህ አምሮ አያውቅማ። ዳኛው ጆሮዋ ላይ አጎንብሶ አንድ ነገር ጠየቃት። ቀና ሲል ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ወለሉን ሦስት ጊዜ መታ፤ ተሸነፈች ማለት ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ያሸነፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አለቃችን ከመጋረጃው ጀርባ "ውጪ!" እያለ በእጁ ይጠራኛል፤ ክፉዋ ተጋጣሚ ለተሸነፈችው አታዝንም፣ ሕጉ ነው። እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ሕዝቡ የቢራ ኩባያ እየወረወረብኝ ወጣሁ። አልዞርኩም። መዞር ነበረብኝ፣ ሕጉም ሙያውም ገደል ይግባ።

የአንገቷ አጥንት ተሰብሮ ኖሯል። ከደረቷ በታች ምንም አይሰማትም፤ እጆቿን ትንሽ ታንቀሳቅሳለች። በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል እንድገባ ሲፈቀድልኝ ሁሉን ልነግራት ቆርጬ ነበር የሄድኩት። ቀደመችኝ።

"ቀድሜ ዘለልኩ" አለች። "ሳትይዢኝ ዘለልኩ። ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ይቅር በይኝ።"

"ምንም አይደል" አልኳት። ይቅር አልኳት ማለት ነው፣ እኔ እሷን! ያን ቀን ፊቴን እንዴት ይዤ እንደወጣሁ አላውቅም።

ትግሉን እርግፍ አድርጌ ተውኩ። ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ክላፋም እየሄድኩ ጸጉሯን አጥባታለሁ፣ ሾርባ በማንኪያ እሰጣታለሁ። ሌሎችም ይመጡ ነበር፤ ሪንግ ለመግባት የሚፈልጉ አራት አምስት ወጣት ሴቶች። ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ታስተምራቸዋለች። እነሱ ምንጣፉ ላይ ይወድቃሉ፣ እሷ ታርማለች። ሁልጊዜ የምትጀምረው ከራሷ ስሕተት ነው፤ እኔ ቸኮልኩ፣ እናንተ የያዘቻችሁን ሴት ጠብቁ ትላቸዋለች። ስታስተምር ፊቷ ይበራል። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠብኩ እሰማለሁ።

በመጨረሻ አልቻልኩም። አባ ዘንድ ሄጄ ድብድቡ የውሸት እንደነበር፣ ስግደቱን፣ መጨበጤን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቀኖናውን የሰጠሁ እኔ ነኝ ብለው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ግን ጠንከር ብለው፣ ከሷ ጋር ሳልታረቅ ሥጋ ወደሙን ልቀበል እንደማልችል፣ ሄጄ እንድነግራት አዘዙኝ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ጸጉሯን አጥቤ ሳደርቅላት፣ ከኋላዋ እንደቆምኩ ነገርኳት። ፊት ለፊት መንገሩን አልደፈርኩም። ጨርሼ ዞሬ ስመጣ አላለቀሰችም።

"ስንት ጊዜ ሰገድሽ?" አለችኝ።

"አራት መቶ ሃምሳ አንድ።"

"እኔን ስለመታሽኝ?"

"አዎ።"

"መትተሽኝ አታውቂም።"

"አላውቅም" አልኳት።

እግሯ ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ለምን አሁን እንደነገርኳት ጠየቀችኝ። መዋሸት ሰልችቶኝ ነበርና፣ ቄሱ እንዳዘዙኝ፣ ያለዚያ መቁረብ እንደማልችል ነገርኳት።

"የራሴ ስሕተት ሆኖ ችዬው ነበር" አለች። "ሰው ራሱን ይቅር ይላል። ልጆቹን ያስተማርኩትም እሱን ነበር። አሁን ምን ልበላቸው?"

ትንሽ ቆይታ እንድሄድላት ለመነችኝ፣ በጨዋነት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ የምትንከባከባት ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ ተኝታለች አለችኝ። በሦስተኛውም ቅዳሜ ተኝታለች። በአራተኛው ከልጆቹ አንዷን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኋት፤ ትምህርቱ እንደቀረ፣ የማስተምራችሁ ነገር የለኝም ብላ እንደመለሰቻቸው ነገረችኝ። ምን ሆና እንደሆነ እኔን ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።