ለጃፓን በረዶ የተዋጣ የእኛ ገብስ

ወገኖቼ፣ ንስሐ አባቴ ዘንድ ከመሄዴ በፊት እናንተ ዘንድ ልናዘዝ። አንድ ውሸት ዋሽቻለሁ። ትንሽ ናት... መጀመሪያ ላይ ማለቴ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንድሜ አንዷለም በቴሌግራም ቪዲዮ ልኮልኛል። ጃፓን የትምህርት ዕድል አግኝቶ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ዕረፍት ላይ ስለሆኑ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በበረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ተራራ ወጥተዋል። የሚያድሩት እዚያው ተራራው ሥር፣ አንዲት አሮጊት ከነባላቸው በሚያስተዳድሯት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ሾርባውን ሴትዮዋ ራሳቸው ያቀርባሉ።

አያቴ አባባ ይርጋ «እስኪ ልየው» አሉ። አባባ ስልክ የሚያዩት እንደ መስኮት ነው፤ አንገታቸውን አስግገው በጎን በኩል ምን እንዳለ ይፈልጋሉ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሱ አባባም ከመደቡ ተነስተው እጅ ነሱ። ቪዲዮውን መለስኩት። ደግመው ነሱ። ሦስተኛም ሞከርኩት... ይቅር ይበለኝ። ነሱ።

ቀጥሎ ተራራው መጣ። ጣሪያው፣ ዛፉ፣ ሜዳው ሁሉ ነጭ።

«እግዚኦ! ይኼ ሁሉ የወረደው በሰው ማሳ ላይ ነው?»

እዚህ ላይ «አይ አባባ» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ቀደመችኝ።

«አዎ አባባ። ከሴትዮዋ ገብስ አንድ ዛላ አልተረፈም።»

«አንዷለምስ እግሩ ላይ ሳንቃ አስሮ ቁልቁል የሚሮጠው ምን ሆኖ ነው?»

«ደቦ ወጥቶ ነዋ! በረዶውን ከማሳቸው ላይ በሳንቃ እየገፉላቸው ነው።»

«ያ ቀይ የለበሰው... ወደቀኮ!»

«ደክሞት ነው። ከጠዋት ጀምረው እየሠሩ ነው።»

በሳቅ ልፈነዳ ስል የአባባ ጋቢ ጫፍ ወደ ዓይናቸው ሲሄድ አየሁ። «በሰው አገር ደቦ ወጣ... የማን ልጅ!» አሉ። እንባቸውን ለሚጠርጉ ሽማግሌ «ቀልዴን ነው» የሚል ጀግና ካለ ይምጣ። እኔ የቤት ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ አባባ ብድግ አሉ። አባባ ሰንበቴ ላይ ከተነሱ ወይ ጠላው ቀጥኗል፣ ወይ የእኛ የልጆቹ አለባበስ አላማራቸውም። የዚያን ቀን ግን ሌላ ነበር።

«በረዶ የእኛን ገብስ ድምጥማጡን ባጠፋው ዓመት ዘር ያመጡልን ከማዶ አጥቢያ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስማችንን እንኳ አልጠየቁም። አሁን ልጄን ቤቷ ያሳደረችው ሴትዮ እንዲሁ ሆናለች፤ ዘር እናዋጣላት» አሉ።

«ለመሆኑ ጃፓን ገብስ ይበቅላል?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ሰው ካለ ገብስ አለ!» ብለው አባባ አስቀመጧቸው።

ከሰዓት ቤታችን ሞላ። አንዱ በስልቻ፣ አንዱ በቁና እያመጣ ወደ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ ይገለብጣል። አፉን የምይዘው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ጎረቤታችን እማማ አትጠገብ መጡ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ያለቻቸው አንዲት ጥማድ መሬት ናት፣ እሷንም ለእኩል ሰጥተው ነው የሚያሳርሱት። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ።

«ጥቁር ገብስ ነው። ለዘንድሮ ዘር አንድ በአንድ በእጄ የለቀምኩት ነው። ብርድ ይችላል በይልኝ፣ ልጄ።»

ሦስት እፍኝ አይሞላም። እኔ እያየሁ ማዳበሪያው ውስጥ ገባ።

«አባባ... ፖስታ ቤት እህል የሚቀበል አይመስለኝም» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ለተቸገረ ነው ስትያቸው ይቀበላሉ። አሁን ደውይልኝ፤ ሴትዮዋን በራሴ አፍ ላጽናናት።»

በድብቅ ለአንዷለም «ምንም ቢሉህ አዎ በል፣ በእናትህ!» ብዬ ጻፍኩለት። አላየውም። ወደ ጓዳ ልጠፋ ስል አባባ «ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። ደወልኩ። አንዷለም ሾርባ ፊቱ ተቀምጦ፣ ጉንጩ በብርድ ቀልቶ ብቅ አለ። አባባ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«ደቦው እንዴት ነው ልጄ?»

«የምን ደቦ?»

«ለሴትዮዋ በረዶ የምትገፉላት ነዋ! ማሳዋን ያጠፋባት!»

አንዷለም ሳቀ። ያን ረጅም ሳቁን። «ኧረ አባባ! ጨዋታ ነው እኮ፣ ለሽርሽር ነው የመጣነው! ሴትዮዋማ በረዶ ሲወርድ ነው እንግዳ የሚመጣላቸው። አምና ጠፍቶባቸው ቤቱ ባዶውን ከረመ አሉን። ዘንድሮ ፈጣሪያቸውን እያመሰገኑ ነው!»

ሰንበቴ ላይ «ጃፓን ገብስ ይበቅላል?» ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባባ ግን ክብራቸውን እንደያዙ «በል፣ እግዜር በሰላም ያግባህ» ብለው ስልኩን አስቀመጡ። ከተቆጡኝ እሮጣለሁ ብዬ አስቤ ነበር። አልተቆጡም። ያ ነው ያስፈራኝ።

እማማ አትጠገብ ወደ ማዳበሪያው ጠጋ ብለው አፉን ከፈቱት። እጃቸውን ሰደዱና አንድ እፍኝ አወጡ፤ በነጩ ገብስ መሀል አልፎ አልፎ አንዳንድ ጥቁር ፍሬ። አንዷን በጣታቸው አንስተው በመዳፋቸው ላይ ለብቻዋ አስቀመጧት። ሁለተኛዋን መፈለግ ጀመሩ።

እኔ አንድ እግሬ ከደጃፉ ወጥቷል።

«ትርንጎ!» አሉ አባባ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ። «ሰፌድ ይዘሽ ነይ።»