የገና ምኞታችን መብራት ነበር

ጫጩቶቹ ወጡ! ዛሬ በገና ዋዜማ፣ እዚሁ መርሳ፣ ከእህቴ ከሙሉ ጋር ተቃቅፈን ጮኸናል።

ያጠራቀምነውን አውጥተን የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ከገዛን ወዲህ ሰፈሩ "ኢንቨስተሮቹ" ይለናል። ሌላው ኢንቨስተር ለገና ምን እንደሚመኝ አላውቅም። እኛ የተመኘነው መብራት እንዳይጠፋ ብቻ ነበር።

ጠዋት ጠፋ።

እህቴ ሙሉ ማሽኑን በጋቢ ጠቅልላ ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶዋን የሰሙት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ፔርሙዛቸውን ይዘው ደረሱ።

"አብሽሩ ልጆቼ! እንቁላሎቹ የሚፈልጉት ሙቀት ከሆነ ሙቅ ውሃ አናጣም" አሉን።

ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙሶች እየሞላን በእንቁላሎቹ ዙሪያ ደረደርን። ሲቀዘቅዝ ከየቤቱ ሌላ ይመጣል። (ለዶሮ መንጫ የተፈላ ውሃ ለጫጩት ማስፈልፈያ ሲውል ያየሁት ዛሬ ነው!)

ከሰዓት በኋላ አንዱ እንቁላል ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ሌላው። እትዬ "ማሻአላህ!" ብለው እልልታቸውን ሲያቀልጡት ሰፈሩ ተቀበላቸው።

ያልወጡም አሉ፤ የወጡት ግን ቤቱን በጩኸት ሞልተውታል። ሙሉ አንዷን በመዳፏ ይዛ አሁንም ትስቃለች።

እናንተስ፣ ጎረቤት ተረባርቦ ያተረፈላችሁ ሥራ አለ? አጫውቱን እስቲ። መልካም ገና!