የፎንቆው ግማሽ ሰዓት

ጠና በሆሳዕና ከተማ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በረጃጅም እግሮቹና በሃያ ሰባት ደቂቃው። እግሮቹን እግዜር ሰጠው። ሃያ ሰባት ደቂቃውን ግን በላቡ ያገኘው መስሎት ነበር። ከተማውም እንደዚያው መስሎት ነበር።

ሥራው የሚሲዮን ተላላኪነት ነው። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ደብዳቤውን በቆዳ ቦርሳ፣ መድኃኒቱን በእንጨት ሣጥን ያደርግና ከብስክሌቱ ኋላ አስሮ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ወደ ፎንቆ ይወርዳል። እዚያ ሚሲዮኑ የከፈተው ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት አለ። ዕቃውን ፈርማ የምትረከበው አስተማሪዋ ገነቴ ናት።

ከቦርሳው ጋር አንድ መዝገብ ይጓዛል። ሲነሣ የሚሲዮኑ ጸሐፊ አቶ ገብረክርስቶስ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብለው ያዩና «ተነሣ፤ ሦስት ሰዓት» ብለው ይፈርማሉ። ሲደርስ ገነቴ የጠረጴዛ ሰዓቷን ታይና «ደረሰ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት» ብላ ትፈርማለች። ጭቃ ሲሆን ትንሽ ይዘገያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ያው ሃያ ሰባት ነው። ጠና የራሱ ሰዓት የለውም፤ ያለው መዝገቡ ነው።

ነገሩን ያወጣው ሽብሩ ነው። ሽብሩ ገበያው ዳር ሱቅ አለው፤ ላምባ፣ ምስማር፣ ስኳርና የብስክሌት ጎማ ይሸጣል። ጨው የሚጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ ሳያነብ አይቀድም። አንድ ቀን አስመራ ስላሉ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ሲያነብ ድንገት ጮኸ።

«አንተ ጠና! ና እስቲ ወዲህ! ፎንቆ በስንት ደቂቃ ነው የምትገባው?»

«በሃያ ሰባት።»

ሽብሩ ጠመኔ አነሣና የሱቁ በር ላይ ያባዛ፣ ያካፍል ጀመር። ጨው ልትገዛ የመጣችው ሴት ቆማ ጠበቀችው።

«አርባ!» አለ በመጨረሻ። «በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር! ስማኝ፣ እነዚህ ሰዎች ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ በአስፋልት ላይ፣ ላባ በሚያክል ብስክሌት የሚሄዱት አርባ ነው። አንተ ደግሞ የወባ መድኃኒት ጭነህ አርባ!»

«ታዲያ ሲመለስ ለምን ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ይፈጅበታል?» አለች ሴትዮዋ፤ መዝገቡን ማን እንዳሳያት እንጃ።

«ዳገት ነዋ!» አለ ሽብሩ። ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

በሩ ላይ በትልቁ «አስመራ 40፣ ጠና 40» ተብሎ ተጻፈ። ዝናብ ሲያጠፋው ሽብሩ ያድሰዋል። ሰው ጠናን «አርባው» ብሎ ይጠራው ጀመር። ጠና መሬት የለው፣ ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለው። ገነቴ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ተምራ የመጣች ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጤና ይስጥልኝ መምህርት» እና «እግዚአብሔር ያቆይልን» ከማለት አላለፈም። ይህ አርባ ቁጥር ግን ጀርባውን ቀና አደረገለት። «አንድ ቀን እነግራታለሁ» ይል ነበር በልቡ፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ። «በሰዓት አርባ የሚሄድ ሰው ተራ ሰው አይደለም።»

በ1956 ዓ.ም. ጥር ላይ ወልደኪዳን መጣ። ወልደኪዳን የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ሚስት የእታለም ወንድም ነው። አስመራ አንድ ፋብሪካ ደመወዝ እየከፈለ ለክለቡ የሚያወዳድረው እውነተኛ ጋላቢ ነው። እኅቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ አስጭኖ ነበር። ሲወርድ በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ሲይዘው ያየ ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ማታውን የሽብሩን በር አነበበና ሳቀ።

«ይህ ጠና የሚባለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጠና።

«አርባ የምትሄደው በዚህ ነው?» ብስክሌቱን ዞሮ አየው። «ይህ እኮ አልጋ ነው!»

«አልጋም ቢሆን ይሮጣል» አለ ሽብሩ። «ከፈለግህ ዓርብ አብራችሁ ሂዱ። ለአንተም በመዝገቡ ይፈረምልሃል። ማን ምን እንደሆነ ወረቀት ይናገራል።»

ጠና ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ካቴናውን ዘይት ሲቀባ ዋለ።

ዓርብ ጠዋት የሱቁ ደጃፍ ሞላ። አቶ ገብረክርስቶስ መዝገቡን ይዘው ከቢሯቸው ወጡ። በሰዓት የማይቀልዱ ሰው ናቸው። ለፎንቆ ትምህርት ቤትም «ከሁለት ሰዓት ደወል በኋላ የመጣ ልጅ ወደ ቤቱ ይመለስ» የሚል ትእዛዝ የጻፉት እሳቸው ናቸው። የሁለቱንም ስም ጽፈው «ተነሡ፤ ሦስት ሰዓት» ብለው ፈረሙ፤ ጠና ጭነቱ ይበቃዋል ብለውም መዝገቡን ለእንግዳው ሰጡት።

እስከ ከተማው ዳር ወልደኪዳን ከጎኑ ሆኖ ስለ ሆሳዕና አየር ሲያወራለት ሄደ። ከዚያ «ይቅርታ ወንድሜ» አለና ጎንበስ አለ። ጠና ቀና ብሎ ሲያይ የቀረው አቧራ ብቻ ነበር። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አቧራውም የለም።

ጠና ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ረገጠ። ሣጥኑ ከኋላው ይንኳኳል፣ ጉልበቱ ይቃጠላል። ወደ ገበያ የሚወጡ ሴቶች ቅቤያቸውን ተሸክመው ቆሙለት።

«ጠና፣ ሌባ ነው እንዴ የምታሳድደው?»

«እንግዳ ነው!»

«እሱማ ካለፈ ቆየ! አሁን ቁርሱን በልቶ ይሆናል!»

እውነትም ፎንቆ ሲደርስ ወልደኪዳን ትምህርት ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ወተት እየጠጣ ነበር። የገረመው ግን ሌላ ነው። ሰውየው እንባው እስኪወርድ ይስቃል፤ ገነቴ ደግሞ መዝገቡን ታቅፋ ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል።

«ና፣ ጉድ እይ» አለ ወልደኪዳን። «ስንት እንደፈጀብኝ ታውቃለህ? ሁለት ደቂቃ! በሰዓት አምስት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር! አውሮፕላንም አይይዘኝም!»

ጠና መዝገቡን አየ። በገነቴ ጽሑፍ፣ በቀለም፣ «ወልደኪዳን፤ ደረሰ 3፡2» ይላል። ወልደኪዳን የእጅ ሰዓቱን አሳየው፤ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ነው። የገነቴ የጠረጴዛ ሰዓት ደግሞ ሦስት ከሃያ ሰባት ላይ ነው።

«መምህርት፣ ሰዓትዎ ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም» አለች ገነቴ። «እኔ ነኝ ወደ ኋላ ያደረግሁት። ከወንዙ ማዶ የሚመጡት ልጆች ከብት አሰማርተው ነው የሚመጡት፤ ቢሮጡም በሁለት ሰዓት አይደርሱም። አቶ ገብረክርስቶስ ያረፈደ ይመለስ አሉ። ሕጉን አላፈረስኩም፤ ደወሌን በሁለት ሰዓት ነው የምደውለው። ሁለት ሰዓት የሚሆነው መቼ እንደሆነ ግን የምወስነው እኔ ነኝ።» ወደ ሰዓቷ ዞር ብላ አየች። «እሳቸው ለጉብኝት ሲመጡ አስተካክለዋለሁ። ያንተ ነገር ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም፤ ይቅር በለኝ።»

ጠና በልቡ ደመረ። ሃያ ሰባት፣ በዚያ ላይ ሠላሳ። ሃምሳ ሰባት። በሰዓት ወደ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። የዛሬውን ያህል ተረግጦም፣ አሥራ ዘጠኝ። በአርባ ቁጥር ቀና ያለው ጀርባው ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ተሰማው። እሱ ላይ ይስቁበታል፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ይህ መዝገብ ግን እንዲህ ሆኖ ሆሳዕና ከገባ የገነቴ ሰዓት ታወቀ ማለት ነው። ከዚያ ልጆቹ በር ላይ ይመለሳሉ።

«ከሁለቱ ፊት አንዲት ሦስት ብትገባ ሠላሳ ሁለት ይሆናል» አለ ወልደኪዳን ሰዓቱን እየጠቆመ። «ትክክለኛውም እሱ ነው። በዚህ ጠጠር ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር በሰዓት፤ አላፍርበትም።»

ገነቴ ሦስቷን ጨመረች። እውነቱን ለመጻፍ የጎደለችው አንዲት ቁጥር ነበረች። ከዚያ እስክሪብቶዋ በጠና ስም ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችው።

«ያንተን እንደ ወትሮው ልጻፈው?» አለች ዝግ ብላ። ሃያ ሰባት ከተጻፈ ጠና አስመሬውን በአምስት ደቂቃ ቀደመው ማለት ነው። ወልደኪዳን ወተቱ ላይ አቀረቀረ።

ጠና ጣቱን በስሙ ላይ አኖረ።

«ሃምሳ ሰባት ይጻፉ። ከእንግዲህም ሁልጊዜ ግማሹን ሰዓት እየጨመሩ ይጻፉልኝ። ሌላውን እኔ አውቅበታለሁ።»

ሲመለሱ ወልደኪዳን «እስቲ አልጋህን ስጠኝ» አለ። ተለዋወጡ። ጠና በላባው ላይ ተቀመጠ። ፔዳሉን ገና ሲነካው ብስክሌቱ ሮጠ፤ ከት ብሎ ሳቀ። ወልደኪዳን ሣጥኑን እያንኳኳ፣ አሮጌውን ፔዳል እየረገመ፣ ዳገቱን ተያያዘው። የመጀመሪያው ኮረብታ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ደረሱ። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነዋል።

«ስማ» አለ ወልደኪዳን እያለከለከ። «እኔ አንዱ ጎማ ይነፋልኛል፣ አንዱ እግሬን ያሽልኛል፣ ምሳዬን እንኳ መዝነው ነው የሚሰጡኝ። ከነዚያ ሁሉ ጋር ከአንተ የምበልጠው በሰዓት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ አልጋ ላይ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ የሚሄድ ሰው አስመራ ቢመጣ ክለቤ ውስጥ አስገባዋለሁ።»

ሱቁ ደጃፍ ሰው እየጠበቀ ነበር። አቶ ገብረክርስቶስ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ሠላሳ ሁለት... ሃምሳ ሰባት። ሃምሳ ሰባት? ጠና፣ ማክሰኞ ሃያ ሰባት አልነበረም እንዴ?»

«ነበር፣ ጋሼ» አለ ጠና። «ዛሬ ሰው ከጎኔ ሲጋልብ ባይ እግሬ ከዳኝ። ከዚያ ወዲያ ያ ፍጥነት ተመልሶ የሚመጣም አይመስለኝ።»

«አስመሬው ወሰደበት!» አለ ሽብሩ ጭንቅላቱን ይዞ። «በዓይኑ ነው የወሰደበት! መልስለት እንጂ አንተ ሰው!»

«ወስጄበታለሁ» አለ ወልደኪዳን ፈገግ ሳይል። «አልመልስም።»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ጠናም አብሮ ሳቀ። መጀመሪያ ለይምሰል ነበር፤ ቆይቶ ግን እውነተኛው ሳቅ መጣ። ሽብሩ አርባውን በእጅጌው አጠፋና እያዘነ «ወልደኪዳን 34፣ ጠና 19» ብሎ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ «አርባው» መባሉ ቀርቶ «አሥራ ዘጠኙ» ተባለ፤ ማንም ግን በክፋት አይለውም ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠና ፎንቆ ሲደርስ ገነቴ መዝገቡን ተቀብላ ሃምሳ ሰባት ብላ ጻፈች። ዕቃውን አስረክቦ እንደ ወትሮው ሊወጣ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለች።

«መንገድ ልጀምር፣ መምህርት።»

«በኔ ሰዓት እኮ ገና ሦስት ከሃያ ሰባት ነው። ግማሽ ሰዓት አለህ።» አግዳሚውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት። «ተቀመጥ። ደግሞ መምህርት ማለቱን ተው፤ ገነቴ በለኝ።»

ተቀመጠ። ማክሰኞና ዓርብ ያ ግማሽ ሰዓት የእነሱ ሆነ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ልጆች ጽሕፈታቸውን ትተው በመስኮት እያጮለቁ ይሳሳቁባቸዋል፤ በደወሉ ግን አንዳቸውም አርፍደው አያውቁም።

ሠርጋቸው ፎንቆ ላይ፣ በዓመቱ ጥር ሆነ። ሽብሩ አዲስ ጎማ አጠለቀለት፤ ከአስመራም ወልደኪዳን የላከው አንድ ቀላል ኮርቻ በአውቶቡስ ደረሰ። አቶ ገብረክርስቶስ የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው ደጋግመው እያዩ፣ ሙሽራው ግማሽ ሰዓት አርፍዷል ብለው ሲያጉረመርሙ ዋሉ። በሙሽራዋ ሰዓት ግን ልክ በሰዓቱ ነበር የደረሰው።