ሳልከፍት የፈረድኩበት መርጫ

አንድ ሰው ሱቄ በር ላይ ቆሞ "ይሄን ማሠራት ያዋጣል?" ሲለኝ ዛሬ ቶሎ አልመልስም። መርሳ ከተማ ሬዲዮና ፓምፕ ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው። ድሮ መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። በእጅ የሚፓምፕ የሰብል መድኃኒት መርጫ ከሆነ ያዋጣል፤ ጎማውን ቀይሬ፣ አፉን አጽድቼ እመልሰዋለሁ። በባትሪ የሚሠራው ከሆነ ግን አያዋጣም እል ነበር፤ መለዋወጫው አይገኝም፣ ፕላስቲኩ ገና ሲከፍቱት ይሰነጠቃል፣ ባትሪው ካለቀ አለቀ። ይህን ስናገር እንደ ዳኛ ነበር የሚያደርገኝ። አዋቂ መባል ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ጦርነቱ ወደ እኛ እየቀረበ በነበረበት ክረምት አንድ ሽማግሌ ግራና ከምትባለው አጎራባች መንደር መጡ። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለሙ ሰው ናቸው። በጀርባ የሚታዘል ቢጫ የባትሪ መርጫ በሽርጣቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ቀኝ ትከሻቸው አይታዘዝላቸውም፤ በእጅ መፓምፕ አይችሉም። ልጃቸው ሚሊሻ ሆኖ ከመዝመቱ በፊት ይህን የገዛላቸው ለዚሁ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት እምም ብሎ ይነሳ ነበር፣ አሁን ግን ዝም ብሏል አሉኝ።

ቻርጀሩን ሰካሁት፤ መርጫው ላይ ያለችው መብራት አልበራችም። ከዚያ ወዲያ ከፍቼ አላየሁትም። ያን ቀን አስፋልቱ በሚሸሽ ሰው ተሞልቷል፣ እኔም ሚስቴንና ልጆቼን ወደ ደሴ ለመሸኘት ቸኩያለሁ። ባትሪው አልቆለታል፣ አይልፉበት አልኳቸው።

ሽማግሌው ግን መርጫውን አላነሱትም። ልጃቸው ሲመለስ ተበላሽቶ እንዲያገኘው አይፈልጉም። ነገሩ እስኪረጋጋ እኔ ዘንድ እንዲቀመጥ፣ ጊዜ ሳገኝም ደግሜ እንዳየው ለመኑኝ። እጃቸውን መርጫው ላይ አድርገው "አማና ነው" አሉ። በእኛ አገር ይህ ከተባለ ዕቃው አደራ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። እሺ ብዬ ከመደርደሪያው ሥር አስገባሁት።

ከዚያ ከተማችን ተያዘች። መብራት ጠፋ፣ ስልክም ተቋረጠ። እኔ ሱቄን ልጠብቅ ብዬ ቀርቼ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ፣ እጄን ምን ላድርገው ብዬ የሽማግሌውን መርጫ ከፈትኩት። ባትሪው ላይ ቴስተር ሳደርግ ሙሉ ነው። ከባትሪው የሚወጣው አንድ ሽቦ ብቻ ነው የተነቀለው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ። ብቻዬን ሆኜ እንኳን አፈርኩ።

ሽቦውን መልሼ ክዳኑን ገጥሜ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ግን አንዲት ጎረቤቴ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቶባት መጣች። ኔትወርክ የለም፤ እሷ የፈለገችው የሸሹትን ልጆቿን ፎቶ ለማየት ነው። ባትሪውን አውጥቼ ስልኳን ሞላሁላት። በማግስቱ እህቷን ይዛ መጣች። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ደግሞ ሬዲዮ። ከሰፈሩ የቀረነው ሁሉ ድምፁን ቀንሰን ወሬ የምንሰማው በዚያ ባትሪ ነበር። እየደከመ መሆኑን እያየሁ ቀጠልኩ። እንዲህ ያለ ባትሪ ጨርሶ ባዶ ሆኖ ከከረመ ዳግም እንደማይሞላ በዚያ ሰፈር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን ሬዲዮው ተንተባተበና ቆመ።

የያዙን ኃይሎች ከሄዱና መብራት ከተመለሰ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ቻርጅ ላይ አዋልኩት። አንዳች ነገር የለም። በዚያው ሳምንት ሽማግሌው መጡ። ከስተዋል። ሰላምታ ሰጥተውኝ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ከግንባር የተመለሱ ሰዎች ልጃቸው ሞቷል እንዳሏቸው ነገሩኝ። በዓይኑ ያየ ግን አንድም የለም፤ ሁሉም ሰማሁ ባይ ነው። የልጁ እናት ሳይረጋገጥ የሙት ሰደቃ አላወጣም ብላ እምቢ ብላለች።

"ያንተን ነገር አነሳሁላት" አሉኝ። "ያ ጠጋኝ ልጅ መርጫውን አልቆለታል ያለኝ ሳይከፍተው ነው፤ ከፍቶ ሲያየው ደህና ሆኖ ይሆናል፤ የሰው አፍ ይቸኩላል አልኳት።" ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ። "ከፍተህ አየኸው ወይ ልጄ?"

አደራ በላ መባልን ፈራሁ። የፈራሁት ይህንኑ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

"ከፍቼ አየሁት፣ አባቴ። ያን ጊዜም አልቆለት ነበር" አልኳቸው።

ከዚያ በቀስታ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። ይህ ሰው ሲሞት እንጂ ለመርጫ የሚባል አይደለም። ዕቃቸውን ሳይወስዱ ተነስተው ሄዱ። በሳምንቱ ሰደቃው እንደወጣ ሰማሁ።

ዛሬ ማንም ምን ይዞ ቢመጣ ሳልከፍት አልናገርም። ደንበኞቼ ተንቀራፋህ ይሉኛል። ለሽማግሌው መርጫ ከወልድያ አዲስ ባትሪ አስመጥቼ ገጥሜለታለሁ፤ ቁልፉን ስጫነው እምም ብሎ ይነሳል። ሱቁ ጭር ሲል ሳልነካውም የሚነሳ እየመሰለኝ ወደ መደርደሪያው ዞር እላለሁ። ሁለት ጊዜ ይዤው ወደ ግራና ወጥቼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ።

ልጁ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሲሞት አየሁ ያለም አልተገኘም። መርጫውን ባደርስላቸው ሽማግሌው ወዲያው ቁልፉን ይጫኑታል፤ ድምፁን ሰምታ እናትየው ከቤት ትወጣለች። "አልቆለታል ያልከው ይሄ ከተነሳ፣ ሞቷል ያላችሁት ልጄስ?" ትለኛለች።